ለወፍ ያልኩት ስድብ

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ በቀወት ቆላ ወፍ በመስደብ የሚስተካከለኝ አልነበረም። ጉራ አይደለም፤ የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛሬም ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ሲያገኙኝ ከሰላምታው ቀጥለው የሚያነሱት እሱን ነው።

ወፍ መስደብ ደግሞ ሥራ ነው ወይ ለሚል ሰው፣ አዎ፣ በእኛ አገር ሥራ ነበር። ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ የሚባለው ቀይ አፍ ያለው ትንሽ ወፍ በመንጋ ይመጣል። አንዱ ብቻውን መዳፍ አይሞላም፤ መንጋው ግን ያረፈበትን ማሳ ከቁርስ እስከ ምሳ ባለው ጊዜ ባዶ አድርጎት ይነሳል። ስለዚህ በየማሳው መሃል አራት ረጃጅም እንጨት ተተክሎ ማማ ይሠራል፤ ወፍ ጠባቂው ከንጋት ጀምሮ እዚያ ላይ ወጥቶ ጓል በወንጭፍ እየወረወረ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጉሮሮው እስኪደርቅ እየጮኸ ይውላል። ቀኑን ሙሉ «ሀይ! ሀይ!» ማለት ይሰለቻል። ማን እንደጀመረው አላውቅም እንጂ እኔ ስደርስ ሰው ሁሉ በየማማው ላይ ሆኖ ወፉን እንደ ሰው ይሰድብ ነበር፤ ቃሉ ከማማ ማማ ስለሚሰማም ጥሩ የሰደበ ይሳቅለታል። «ሰው የጠራሽ ይመስል በማለዳ የምትመጪ! እናትሽ አርሳ ያስቀመጠችልሽ መሰለሽ? አፍሽን ያቀላው የሰው ላብ ነው!» እል ነበር። ከታች የሚያርሙትና ውኃ ቀድተው የሚያልፉት ቆም ብለው፣ «የአሰለፈች ልጅ ዛሬም ጥንብ እርኩሳቸውን አወጣችላቸው!» እያሉ ይስቃሉ። አሰለፈች እናቴ ናት።

ጥንብ እርኩስ ማውጣት ተራ ስድብ አይደለም። አንድ ሰው «ደደብ» ቢባል ተሰደበ ይባልና ያልፋል። ጥንብ እርኩሱ ወጣ ለመባል ግን አንድም ነገር ሳይቀር፣ ካስፈለገም እናት አባቱ ተጨምረው፣ የሚደብቀው ሁሉ አደባባይ መውጣት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ ሰዳቢው ተሰዳቢውን በደንብ የሚያውቅ፣ የት ላይ እንደሚያመው የገባው ሰው መሆን አለበት። ይህን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያስተዋልኩት፣ «ጥንብ እርኩሱን አወጣሁለት» የሚል ሰው ሁሉ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ነገሩን እንደ ገድል የሚያወራው መሆኑን ብቻ ነበር። የራሱ ጥንብ እርኩስ የወጣበት ሰው ገበያ መሃል ቆሞ ሲያወራ ግን አይቼ አላውቅም። ለምን ብዬም አልጠየቅኩም።

ከእኛ ማሳ ቀጥሎ፣ በወንዙ በኩል፣ የእትዬ ዘነበች ማሳ ነበር። እትዬ ዘነበች አግብተው አሥራ አንድ ዓመት ሳይወልዱ ቢቀሩ ባላቸው ወደ አባታቸው ቤት የመለሳቸው፣ ከዚያ ወዲህም የአባታቸውን መሬት በወንድማቸው በሬ እያሳረሱ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ግሪሳው የሚያድረው ወንዙ ዳር ባሉት ግራሮች ላይ ስለሆነ ሲነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው ከእሳቸው ማማ ነው። ባዩት ቁጥር ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ «ትርንጎ! መጡልሽ!» ይሉኛል። እኔም ወንጭፌን አዘጋጅቼ ከእኔ ቀጥሎ ላለው ማማ እጣራለሁ፤ እንዲህ እየተቀባበልን ጥሪው ኮረብታው ሥር እስካለው የመጨረሻ ማሳ ይደርስ ነበር። ማንም ስለዚያ ጥሪ ቆም ብሎ አስቦበት አያውቅም፤ ጠዋት ፀሐይ እንደምትወጣው ሁሉ እትዬ ዘነበችም ይጣራሉ። አንዳንዴም የጠበሱትን እሸት በቅጠል ጠቅልለው በድንበሩ ያቀብሉኝ ነበር።

የዚያን ዓመት አባቴ ታሞ አልጋ ላይ ዋለ። ማሳው በእናቴና በእኔ ላይ ወደቀ። ያ ማሽላ ጎተራ ካልገባ ዓመቱን የምንበላው እንደሌለ እናቴ ማለዳ ማለዳ ስትቀሰቅሰኝ ትነግረኝ ነበርና በእንቅልፍ ልቤ እንኳ አውቀው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ፍየላችን ድንበር ዘልላ የእትዬ ዘነበችን ማሾ በላች። እሳቸውም ፍየሏን አስረው፣ አሰለፈች ራሷ መጥታ ካልጠየቀችኝ አልለቅም አሉ። እናቴ ሄዳ ለምና ፍየሏን እየጎተተች ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል። ገመዱን ከግንዱ ጋር እያሰረች ለብቻዋ ስታጉረመርም ሰማኋት።

«ምን ታድርግ! ወልዳ ያልሳመች፣ አንጀት ከየት ይምጣላት?»

ለማንም አልነበረም ያለችው። ተናግራው ወጥቶላት ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ሰምቼ ያዝኩት።

በማግስቱ ማማው ላይ ወጣሁ፤ ግሪሳው ብቅ ሲል፣ እትዬ ዘነበችም እንደ ወትሮው «መጡልሽ!» ሲሉኝ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ሰማይ ጮህኩ። «አንቺ ወልደሽ ያልሳምሽ! ባል አውጥቶ የጣለሽ! አባትሽ ጎተራ ሥር ተቀምጠሽ የምታረጂ! የሰው ፍየል ማሰር ብቻ የቀረሽ!»

ወፍ ፍየል እንደማያስር ሰማይ ምድሩ ያውቃል። ከሦስተኛው ማማ አንድ ጎረምሳ ሳቀና ወዲያው አቆመ። ሌላ የሳቀ አልነበረም። እትዬ ዘነበች ወንጭፋቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ ማማው ላይ ተቀመጡ። እኔ ልቤ በኩራት ሲመታ ትዝ ይለኛል። የእናቴን ብድር የመለስኩላት መስሎኝ ነበር።

የማማ ላይ ስድብ አንድ ልማድ ነበረው፤ ለወፍ የተባለን ነገር ማንም ሰው «ለእኔ ነው» ብሎ አያነሳም። ያነሳ መሳቂያ ይሆናል፤ ሽማግሌም አይሰበሰብለትም። ፊት ለፊት ሰድቤያቸው ቢሆን ኖሮ እናቴን ጠርተው ያስቀጡኝ ነበር፤ ተቀጥቼ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ምንም ሊሉበት የማይችሉትን ስድብ መረጥኩላቸው። ብልጠት መስሎኝ ነው እንጂ ከዚያ የከፋ ጭካኔ እስከ ዛሬም አላደረግኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ዘነበች አልተጣሉኝም። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግሪሳው ሲነሳ አይጣሩም። የራሳቸውን ማሳ ጅራፋቸውን እያጮኹ ይጠብቃሉ፤ ወፉ ሲገለበጥ ወደ እኛ ይመጣል፤ እሳቸው ዝም። ሁለት ቀን እየተሯሯጥኩ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጀርባዬን ለወንዙ ሰጥቼ ጥንቅሽ እየላጥኩ ሳለ የክንፍ ድምፅ ሰማሁና ዞር አልኩ። የማሳው የታችኛው ወገን በወፍ ተሸፍኖ የማሽላው ራስ ጎንብሷል። ጮህኩ፤ ወረወርኩ፤ ከማማው ዘልዬ ወርጄ በአገዳው መሃል እያለቀስኩ ሮጥኩ። ሲነሱ የማሳው ሢሶ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ቀና ስል እትዬ ዘነበች ማማቸው ላይ ቆመው ያዩኛል። ደስ ያላቸው አይመስሉም ነበር።

እናቴ ደርሳ ስታይ አልመታችኝም። ባዶውን የማሽላ ራስ አንድ በአንድ እየነካች ሄደችና፣ «ተኝተሽ ነበር?» አለችኝ።

«አልተኛሁም።»

«ታዲያ ዘነበች አልተጣራችም?»

ጎንበስ ብዬ ጓል መልቀም ጀመርኩ።

የዚያን ዕለት ማታ አባባ ወንድይፍራው መጡ። አባባ ወንድይፍራው የአባቴ አጎት ነበሩ፤ በጉልምስናቸው ከአፋር በረሃ ጨው እየጫኑ አሊዩ አምባ ገበያ ሲያወጡ የኖሩ፣ ካረጁም በኋላ እግራቸው አላርፍ ብሏቸው ከማሳ ማሳ እየዞሩ የሚያመሹ ሰው ነበሩ። ያኔ ወፉ ወደ ማደሪያው ከገባ በኋላ ጠባቂዎች ወዲያው ወደ ቤት አንሄድም ነበር፤ ማማው ሥር ለትንኝ ተብሎ ኩበት ይጫራል፣ ኩራዟ ከማማው እግር ላይ ትንጠለጠላለች፣ እሸት ፍም ላይ ይገላበጣል፣ ከአጎራባች ማሳ ልጆች ይመጣሉ፣ አባባም ተረት ያወራሉ። የእሳቸው ተረት ጅብና ቀበሮ አልነበረበትም። ሁልጊዜ ነጋዴ፣ አህያና መንገድ ነበር። ያን ዕለት ጭሱ ወደ እሳቸው ሲዞር ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ወደ ማንኛችንም ሳያዩ ጀመሩ።

ሁለት ጨው ነጋዴዎች ነበሩ አሉ። አንደኛው አፉ የሚፈራ ነው፤ በሰፈረበት ሁሉ የአንዱን ጥንብ እርኩስ ሳያወጣ አያድርም። ሁለተኛው መንገድ የሚያውቅ ዝምተኛ ነው። አንድ ቀን ውኃ ዳር ነጋዴው ሁሉ በተሰበሰበበት ባለ አፉ በጓደኛው ላይ ተነሳ። እናቱ የሰው ቤት አገልጋይ እንደነበረች ከልጅነቱ ጀምሮ ደብቆት የኖረውን፣ አብሮ አደጉ ስለሆነ ያውቀዋልና፣ እያስመሰለ እየተወነ ተናገረው። ሰፈሩ በሳቅ ተንፈራፈረ። ዝምተኛውም ትንሽ ፈገግ አለ። «ምን ያድርግ ታዲያ!» አሉ አባባ፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀጠለ። ዝምተኛው ጭነቱን እንደ ወትሮው አብሮት ይጭናል፤ ከቂጣውም ይቆርስለታል። ግን ነገር አይነግረውም። የባለ አፉ አህያ ጀርባዋ መላጥ ሲጀምር ያያል፤ አይነግረውም። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አሸዋው ላይ ሊያድሩ ሲሰፍሩ ሰማዩ ከራሳቸው በላይ ጠርቷል፤ ወዲያ ማዶ አንኮበር ላይ ግን ጠቁሯል። ደጋ ከዘነበ ቆላ ጎርፍ ይወርዳል፤ የቆላ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል፤ ባለ አፉ ግን ወሬ ላይ ስለሆነ አላየም። ዝምተኛው ዕቃውን ተሸክሞ ምንም ሳይናገር ከፍ ያለ ቦታ ወጣ። ባለ አፉ ሲያየው፣ «አየህ! አፌን ፈርቶ ሸሸ» ብሎ ሳቀና አሸዋው ላይ እግሩን ዘርግቶ ተኛ።

«ጎርፉ ሲመጣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነፍሱን አተረፈ» አሉ አባባ። «ጨውማ ጨው ነው፤ ከጎርፍ ጋር ሄደ። ሲነጋ እየተንቀጠቀጠ፣ አንተ ክፉ፣ እያየህ ለምን አልነገርከኝም? አለው። ያም፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ሳቅ በኋላ ላንተ የሚሆን አፍ የቀረልኝ መሰለህ ወይ? አለው።»

እዚያ ላይ እሸታቸውን አንስተው መፈልፈል ጀመሩ። እኛም ጠበቅን። አንዱ ልጅ፣ «ዝምተኛውም ክፉ ነው» አለ። «ክፉ ነው እንጂ፤ ማን ደግ ነው አለህ?» አሉት። እኔ ግን፣ «በኋላስ ታረቁ አባባ?» አልኳቸው። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ያዩት። የኩራዟ ብርሃን ግማሽ ፊታቸውን ብቻ ያሳይ ነበር።

«አላውቅም ልጄ» አሉኝ። «እኔ የሰማሁት እስከዚህ ድረስ ነው።»

እንደዚያ ቀን በተረት ተናድጄ አላውቅም። መንደሩ ሁሉ ስድቤን ሰምቶ፣ እሳቸውም ሰምተው፣ አውቀው እንዳወሩት ገብቶኛል፤ አፍሬ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ ነበር። ከሐፍረቱ የባሰኝ ግን ተረቱ እዚያ ማለቁ ነበር። ይህ ነገር የሚያልቅበት ቦታ አይደለም አልኩ በልቤ። የእኔ ነገር እንዲህ አያልቅም፤ ማሽላችንም እንዲህ አያልቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ ልትወስደኝ ለመጣችው እናቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቃሉን ከማን እንደሰማሁትም ጭምር። ቆመች። እኔን ልትመታ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ የሌላ ሰው በሚመስል ዝቅ ያለ ድምፅ ተናገረች።

«ነገ የእኛን ማማ እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ወደ እሷ ሂጂ።»

በማለዳ በእትዬ ዘነበች ማሳ ታችኛው ጫፍ ላይ፣ ከወንዙ ወገን፣ ወንጭፌን ይዤ ቆምኩ። ማማቸው ላይ አልወጣሁም፤ አልተፈቀደልኝማ። አዩኝ፤ ምንም አላሉም። ግሪሳው ሲነሳ ጓል እወረውራለሁ፣ ቆርቆሮ እቀጠቅጣለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም። ቀወት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ዝምተኛ ወፍ ጠባቂ አላየም። እንዲህ አራት ቀን ሆነ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ማማው ሥር ተጠግቼ፣ «እትዬ፣ ያን ቀን…» ብዬ ጀመርኩ። እትዬ ዘነበች ዓይናቸውን ከሰማዩ ሳያነሱ፣ «ለወፍ አይደል እንዴ ያልሽው? ተይው» አሉኝ። አለንጋ ቢያሳርፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ለመጠየቅ እንኳ በር አልነበረኝም፤ የዘጋሁት ራሴ ነኝ። ማታ ማታ እያለቀስኩ እመለሳለሁ፤ ጠዋት ግን ሄጄ እቆማለሁ። ግትር ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

በአምስተኛው ቀን መንጋው ዝቅ ብሎ ሲመጣ ደንግጬ ጓሉን አጥብቄ ወረወርኩትና አንድ ያማረ የማሽላ ራስ ቀጠፍኩ። ከላይ ድምፅ መጣ።

«አንቺ ልጅ! ከፍ አድርገሽ ወርውሪ እንጂ! ወፉ የተወውን አንቺ ልትጨርሺብኝ ነው?»

ቁጣ ነበር። እውነተኛ ቁጣ። በደስታ ሌላ ጓል አነሳሁ። «እሺ እትዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ክንድሽን አታጥፊው!» አሉኝ። «እሺ እትዬ!» «ቆርቆሮውንም ወዲያ ማዶ ውሰጂው፣ ጆሮዬን በላኸው እኮ!» አሉ፤ ይህንኛው ለቆርቆሮው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግሪሳው ከግራሮቹ ሲነሳ እትዬ ዘነበች ተነስተው ቆሙ፤ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ወደ እኛ ማማ ዞረው ተጣሩ።

«አሰለፈች! መጡልሽ!»

እናቴ መጀመሪያ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቀጥላ ጅራፏን ስታጮኸው ወንዙ ማዶ ድረስ ተሰማ። ከማሽላችን የተረፈው ጎተራ ገባ፤ ጠባብ ቢሆንም ዓመቱን ወጣንበት፤ አባቴም ዳነ።

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ውስጥ፣ የደሴው አስፋልት ዳር፣ ማንጎና ፓፓያ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ምላሴ አልዶለዶመም፤ ሚዛን የሚያጭበረብር አቅራቢ ይመስክር። የባጃጅ ልጆች ሱቄ ጥላ ሥር ተቀምጠው፣ «እንዲህ ጥንብ እርኩሱን አወጣሁለት» እየተባባሉ ሲሳሳቁ እሰማለሁ፤ ስልካቸው ላይ ደግሞ አይተውት የማያውቁትን ሰው ጥንብ እርኩስ ሲያወጡ ያመሻሉ። አልገሥጻቸውም፤ እኔስ ምን ነበርኩ! አንዳንዴ ብቻ፣ «ከዚያ በኋላ ምን ነገረህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄው አይገባቸውም። የሰደቡት ሰው መልሶ ካልሰደባቸው፣ ካልመታቸው ያሸነፉ ይመስላቸዋል። እኔ በሕይወቴ የምፈራው ግን የሚቆጣኝን ሰው ሳይሆን፣ ስህተቴን እያየ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ብሎኝ የሚያልፈውን ነው።

የበኩር ልጄን የወለድኩ ጊዜ፣ ገና በአራተኛው ቀን፣ እትዬ ዘነበች ከመንደር በባጃጅ ወርደው ሊጠይቁኝ መጡ። አርጅተዋል፤ ቤቱ በወለዱ ሴቶች ተሞልቷል። ገብተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ልጁን ከእቅፌ ተቀበሉኝና ፊቱን አዩት። ከዚያ፣ «አያያዝሽ ልክ አይደለም፤ አንገቱን ደግፊው እንጂ፤ እንዲህ» አሉኝ። የቤቱ ወሬ ሁሉ ቀጥ አለ። አንዷ ጎረቤቴ ወደ እናቴ አየች፤ እናቴ አንገቷን ደፋች። አንገት መደገፉን እናቴ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ስታሳየኝ ነበር። እኔ ግን እንዳያቆሙብኝ ፈርቼ ጠጋ አልኩና፣ «ሲያለቅስብኝስ እንዴት ላድርገው እትዬ?» አልኳቸው።

እሳቸውም ልጁን ደረታቸው ላይ አስጠግተው፣ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ ነገሩኝ።